«ዋይፋይ ማፍጠኛ» ለሚሏችሁ ልጆች ብር እንዳትሰጡ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ኢንተርኔት ያስገባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ቤት ለቤት እየዞሩ ሶኬት ላይ የምትሰካ ነጭ ዕቃ የሚሸጡ ልጆች አሉ። «የኢንተርኔት ማፍጠኛ ናት፣ ፍጥነቱን እጥፍ ታደርጋለች» ይላሉ። ዋጋዋ 3,500 ብር፣ ደረሰኝ የለም። አንዲት ጎረቤታችን እናት አረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ምስሉ እየቆመ መከራቸውን ስላዩ ሳያቅማሙ ከፈሉ። ኢንተርኔቱ ከድሮውም ባሰበት።

ዕቃዋ ሪፒተር ናት። የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብላ መልሳ ታሰራጫለች እንጂ ከውጭ በሚገባው ኢንተርኔት ላይ ቅንጣት አትጨምርም። ርካሾቹ ደግሞ የሚቀበሉትም የሚያስተላልፉትም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ በእነሱ በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። እሳቸው ቤት ጭራሽ የሰኳት ዋይፋይ በደንብ የማይደርስበት ጓዳ ውስጥ ነው። የሌለውን ከየት አምጥታ ታሰራጨው?

የገረመኝ ያሳመኑበት ዘዴ ነው። መጀመሪያ ጓዳ ቆመው በራሳቸው ስልክ ፍጥነት ለኩና ትንሽ ቁጥር አሳዩ። ዕቃዋን ከሰኩ በኋላ ሳሎን መጥተው፣ ራውተሩ ሥር ቆመው ለኩ። ቁጥሩ ተተኮሰ! የልጅ ልጃቸው እንዳየው ደግሞ በሁለተኛው ልኬት ስልኩ አናት ላይ የዋይፋይ ምልክት አልነበረም፣ 4ጂ የሚል ነበር። የሞባይል ዳታ አብርተው ነው የለኩት። ልጁ ተናግሯል፣ ግን ማን ይስማው። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ልለካልህ» ቢል በራሳችሁ ስልክ፣ ያው ቦታ ቆማችሁ፣ ዳታ አጥፍታችሁ ይሁን።

ሌላም ጉድ አለ። ሲወጡ የራውተሩን የአድሚን ፓስወርድ፣ ማለትም ማስተካከያው ውስጥ የሚገባበትን፣ ቀይረውታል። አሁን ሲደወልላቸው የመምጫ ይጠይቃሉ። ይሄ የደረሰባችሁ ካላችሁ ራውተሩን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ይቻላል፣ ግን ራውተሩ ላይ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ከመጫናችሁ በፊት የመስመራችሁን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ያዙ። ሪሴት ሲደረግ እሱም ሊጠፋ ይችላል፣ ያኔ ያለችውንም ታጣላችሁ።

ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ አንድ የኔትወርክ ኬብልና ላፕቶፕ ይበቃል። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፣ ስልኮቹንም ሁሉ ከዋይፋይ አስወጡ። ከዚያ ለኩ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲጠቀም። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ጣጣው መስመሩ ወይም ፓኬጁ ነው፣ የትኛዋም ዕቃ አታድነውም። በኬብል ጥሩ ሆኖ መኝታ ቤት ከሞተ ዋይፋዩ ነው። ፓኬጃችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ ፋይል ስታወርዱ በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት በላይ አትጠብቁ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው፣ ማንም አልሰረቃችሁም።

በስልክ ሽቦ የምትጠቀሙ ከሆነ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ይዝጋል፣ ኢንተርኔቱም ዝናብ በመጣ ቁጥር ይቆራረጣል። የቤት ስልኩን አንሱና ቁጥር ሳትነኩ አዳምጡ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ሽቦው ነው። ስልኩና ራውተሩ መሃል ፊልተር፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል የምትለይ ትንሽ ዕቃ፣ መኖሩንም እዩ። ፋይበር ያላችሁ ደግሞ «ኤልኦኤስ» (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ያቺን ቀጭን ገመድ ሶፋ ሥር አጥፋችሁ አታስገቧት፣ ውስጧ መስታወት ነው።

ዋይፋዩ ብቻ ከሆነ ችግሩ መጀመሪያ ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ አውጡት። እውነቴን ነው፣ ስንት ቤት ገብቼ ዳንቴል ለብሶ ከቲቪ ጀርባ ተደብቆ አግኝቼዋለሁ! ከፍ ያለ ቦታ፣ መሃል ላይ፣ ከቆርቆሮ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስልካችሁ ከቻለ ሳሎን ውስጥ 5 ጊጋኸርዝ (5G ወይም 5GHz) የሚለውን ዋይፋይ ተጠቀሙ፣ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። ሰርቪስ ቤት ድረስ ማድረስ የፈለገ ሰው ከራውተሩ ገመድ ስቦ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በገመድ የመጣለትን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ ያስገጥም። ለሪፒተር ከሚያወጣው ብር ይልቅ ያ ይሻለዋል።

የመስመር ችግር ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ። ዝም ብላችሁ «ኢንተርኔት የለም» አትበሉ። በኬብል ለክቼ ጠዋት ይህን ያህል፣ ማታ ይህን ያህል አገኘሁ በሏቸው፣ የትኛው መብራት እንደሚበራም ንገሯቸው፣ ያመለከታችሁበትን ቁጥርም ጻፉ። እነዚያ ልጆች ወደ እናንተ ሰፈር ከመጡ ደግሞ ኮሜንት ላይ አሳውቁን፣ እናቶቻችን ሳይከፍሉ እንድረስ።