ኦዱ፦ ሥርዓቱን ይሰጣል፣ ብልጫውን ግን ድርጅቱ ራሱ ይሠራዋል

ኦዱ የሽያጭ፣ የግዢ፣ የመጋዘን፣ የምርት፣ የሂሳብና የሰው ኃይል ሥራዎችን በአንድ ላይ የሚያስተሳስር፣ በአጭሩ ኢአርፒ የሚባል ዓይነት የድርጅት ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፋቢያን ፒንካርስ በተባለ ቤልጂየማዊ ታይኒ ኢአርፒ በሚል ስም ተጀምሮ፣ በኋላ ኦፕን ኢአርፒ ተብሎ፣ ከ2014 ወዲህ አሁን በሚታወቅበት ስም ይጠራል። በዚህ ግምገማ የምመዝነው የገጽታውን ማማር ወይም የሞጁሎቹን፣ ማለትም ለየሥራ ዘርፉ የተዘጋጁ ክፍሎቹን፣ ብዛት አይደለም። አንድ ድርጅት እንዲህ ያለ የመረጃ ሥርዓት ሲያስገባ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንደኛው የውስጥ አሠራሩ እንዲስተካከል፣ ሁለተኛው በተፎካካሪዎቹ ላይ ብልጫ እንዲያገኝ ነው። አቅራቢዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ያቀርቧቸዋል። በእኔ ሚዛን ግን ኦዱ የመጀመሪያውን በሚገባ የሚያሟላ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለባለቤቱ የሚተው ሶፍትዌር ነው።

ጥንካሬው የሚጀምረው ሁሉም ሞጁሎች አንድ ዳታቤዝ የሚጋሩ ከመሆናቸው ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ትዕዛዙን ሲያጸድቅ የማስረከቢያ ሰነዱ በዚያው ቅጽበት በመጋዘን ሠራተኛው ገጽ ላይ ይታያል፤ ኢንቮይሱም ድርጅቱ እንደመረጠው በታዘዘው ወይም በተረከበው መጠን ልክ ይዘጋጃል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም ሽያጭ፣ መጋዘንና ሂሳብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠንጠረዥ በሚይዙበት ድርጅት ውስጥ የስብሰባው ጊዜ የሚያልቀው ምን እንወስን በሚለው ላይ ሳይሆን የማን ቁጥር ትክክል ነው በሚለው ክርክር ላይ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ሲኖር ኃላፊዎች ወደ ውሳኔው በቀጥታ ይገባሉ፤ የመረጃ ሥርዓት ለድርጅት አደረጃጀት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ይመስለኛል።

ከሞጁሎቹ ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበበት ሆኖ ያገኘሁት የክምችት ሞጁሉ ነው። በዚህ ሞጁል ውስጥ ዕቃ ከየትም ሳይነሳ አይመጣም፣ የትም ሳይደርስ አይጠፋም። የሁለትዮሽ ሂሳብ አያያዝ መርህ ለዕቃም ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተነሳበትና የደረሰበት ቦታ አለው። አቅራቢዎችና ደንበኞች እንኳ በሥርዓቱ ውስጥ እንደ ቦታ ተመዝግበዋል። በቆጠራ ጊዜ አሥር ካርቶን ቢጎድል ቁጥሩ ዝም ብሎ አይስተካከልም፤ አሥሩ ካርቶን የክምችት ጉድለት ወደሚባል ምናባዊ ቦታ እንደተዘዋወረ ይመዘገባል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ በማንኛውም ጊዜ ምን ያህል ዕቃ በጉድለት እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋና ማስተካከያውን ማን እንዳስገባው ሊጠይቅ ይችላል። በባች (በአንድ ዙር በተመረተ ስብስብ) ወይም በመለያ ቁጥር መከታተል የሚፈልግ ድርጅትም፣ አንድ ምርት ችግር ሲገኝበት ያ ባች የደረሳቸውን ደንበኞች ለይቶ ማወቅ ይችላል። አነስተኛና ከፍተኛ መጠን ወስኖ የግዢ ትዕዛዝ በራሱ እንዲዘጋጅ ማድረግም ይቻላል፤ በርካሽ ዋጋ ለመወዳደር ለሚያስብ ነጋዴ ይህ በመጋዘን ተኝቶ የሚከርም ገንዘብን ይቀንሳል።

የደንበኛ ግንኙነቱና የሠራተኛ አስተዳደሩ ሞጁሎች መደበኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ ብዙ የሚባልላቸው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይነሳል። ተፎካካሪውም ነገ ይህንኑ ሶፍትዌር ሊያስገባ የሚችል ከሆነ ብልጫው ከየት ይመጣል? የመረጃ ሥርዓት በእርግጥ የውድድር መሣሪያ የሆነባቸው ጊዜያት ነበሩ። አሜሪካን ኤርላይንስ ከአይቢኤም ጋር በ1960ዎቹ የገነባው ሴበር የተባለው የመቀመጫ ማስያዣ ሥርዓት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ1976 ጀምሮ በጉዞ ወኪሎች ቢሮ ሲገባ የአየር መንገዱ በረራዎች በወኪሎቹ ገጽ ላይ ቅድሚያ አግኝተው ይታዩ ነበር፤ በ1984 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ አካል ይህን ዓይነቱን አድልዎ በመመሪያ እስከ መከልከል ደርሷል። ያ ብልጫ ሊገኝ የቻለው ተፎካካሪው ተመሳሳይ ሥርዓት ከገበያ ገዝቶ በቀላሉ ሊደርስበት ስላልቻለ ነው። ኦዱን የመሰለ ለሁሉም የሚሸጥ ሶፍትዌር በተፈጥሮው ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የሚያደርግ አስመስሎ የሚሸጠውን አማካሪም ማመን አይገባም።

ሊያደርግ የሚችለው ሌላ ነገር ነው። የመሠረታዊው ክፍል ምንጭ ኮድ (ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ጽሑፍ) ክፍት በመሆኑ፣ ድርጅቱ ከሌሎች የሚለይበትን አሠራር ለብቻው ሞጁል አድርጎ በመደበኛው ላይ መጨመር ይችላል። ሞጁሉ የመጀመሪያውን ኮድ ሳይነካ በላዩ ላይ ስለሚጨመር ሥራው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠራ ባለሙያ አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ምርጫው ነው፦ የትኛው አሠራራችን ነው በእውነት የሚለየን፣ የትኛውስ የቆየ ልማድ ብቻ ነው? የጀርመኑ የችርቻሮ ድርጅት ሊድል በ2018 የተወው፣ ኤስኤፒ የተባለውን ኩባንያ የኢአርፒ ሶፍትዌር የማስገባት ፕሮጀክት የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያል። ሶፍትዌሩ ክምችትን በመሸጫ ዋጋ ሲመዝን ሊድል ግን በመግዣ ዋጋ መመዘኑን ለመተው አልፈቀደም፤ ሶፍትዌሩን ወደ ልማዱ ለመለወጥ ሲሞከርም ወጪው ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ እንደደረሰ ተዘግቧል። የክምችት መመዘኛ ዘዴ ለገዢው የማይታይ የውስጥ ጉዳይ ነው። በዚህ ዓይነት ነገር መደበኛውን አሠራር መቀበል፣ የማሻሻያውን ገንዘብም ደንበኛው ለሚያየው ልዩነት ማቆየት ይሻላል።

ኦዱ ላይ ይህ ምክር በእጥፍ ይሠራል፤ ምክንያቱም አዲስ ዋና ስሪት በየዓመቱ ይወጣል፣ ድጋፍ የሚሰጠውም ለሦስቱ የቅርብ ጊዜ ስሪቶች ነው። መደበኛው ክፍል በአምራቹ አገልግሎት ወደ አዲሱ ስሪት ይሸጋገራል፤ ድርጅቱ ያስጨመረው ሞጁል ግን በእያንዳንዱ ሽግግር እንደገና መታየትና መስተካከል አለበት። ሃያ ሞጁል ያስጨመረ ድርጅት ይህን ወጪ ለዘለቄታው ይሸከማል፤ ሁለት ብቻ ያስጨመረ ግን ብዙም አይከብደውም። በተጨማሪም አምራቹ ራሱ በሚያስተናግደው የኦንላይን አማራጭ በፓይተን የተጻፈ የራስ ሞጁል ማስገባት ስለማይቻል፣ የሚለይ አሠራር ያለው ድርጅት የራሱን ሰርቨር ወይም የራስ ሞጁል የሚያስተናግደውን ኦዱ.ኤስኤች የተባለ የአምራቹን አገልግሎት ከመጀመሪያው ማሰብ ይኖርበታል።

ሶፍትዌሩ በሁለት እትም ይቀርባል። ኮሚዩኒቲ የሚባለው ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚወሰድ ሲሆን ኢንቮይስ ቢኖረውም የተሟላው የሂሳብ አያያዝ የለውም፤ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ደግሞ ይህንና ሌሎችን አካትቶ በተጠቃሚ ቁጥር ይከፈልበታል። የአከፋፈሉ ስልት አንድ መዘዝ አለው። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሦስት ሠራተኞች በአንድ መለያ እንዲገቡ የሚያደርጉ ኃላፊዎች አሉ፤ ያኔ በየሰነዱ ሥር የሚመዘገበው ማን ምን ለወጠ የሚለው ታሪክ ዋጋ ያጣል፣ ሥርዓቱ የተገዛበት ዋና ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። ፈቃዱን ለሁሉም መግዛት ካልተቻለ፣ መለያ ከመጋራት ይልቅ ሶፍትዌሩን የሚጠቀሙትን የሥራ ክፍሎች መቀነስ ይሻላል።

ሥርዓቱን የሚያስገቡ ድርጅቶች ሁሉንም ሞጁል በአንድ ቀን ባይጀምሩ፣ ከከፍተኛ የሽያጭ ወቅት ዋዜማም ቢርቁ እመክራለሁ። የአሜሪካው ጣፋጭ አምራች ኸርሺ በ1999 አዲሱን የኢአርፒ ሥርዓቱን ጣፋጭ በብዛት ከሚሸጥበት ሃሎዊን ከተባለው በዓል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሥራ አስጀምሮ፣ በመጋዘን ምርት እያለው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ትዕዛዝ በወቅቱ ማድረስ አልቻለም ነበር። ኦዱ ሞጁል በሞጁል መጀመርን ስለሚፈቅድ መጋዘንና ግዢን አስቀድሞ፣ ቆጠራው ከእውነተኛው ክምችት ጋር ሲገጥም ሽያጭን፣ ከዚያ ሂሳብን ማስከተል ይቻላል።

ሶፍትዌሩን ለድርጅቱ ከሚዘረጋው ኩባንያ ጋር የሚፈረመው ውል ውስጥ ደግሞ፣ ለድርጅቱ ተብሎ የተጻፈው ሞጁል ምንጭ ኮድ ከነሰነዱ ለድርጅቱ እንደሚሰጥና የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ በማንኛውም ጊዜ ሊወሰድ እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት። ሶፍትዌሩ ይህን አይከለክልም፤ ያልተጻፈ እንደሆነ ግን ድርጅቱ የሚለይበትን አሠራር የያዘው ኮድ በሌላ ሰው እጅ ይቀራል።