አንድ ኪሎ ከሩብ፣ ቻርጀሩን ሳይጨምር

የድሮው ላፕቶፔ የጌም ላፕቶፕ ነበር። 2.4 ኪሎ። ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል፤ ሚዛን ላይ ሳወጣው 700 ግራም ሆነ። ሁለቱን አዝዬ አራት ዓመት ተመላለስኩ። አንድ ቀን እህቴ «ወደ ቀኝ ዘመም ብለሃል እኮ» አለችኝ። ሳቅኩ። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም እውነቷን ነው።

ስለዚህ አዲሱን ስመርጥ መጀመሪያ የያዝኩት ክብደቱን ነበር፦ ከ1.3 ኪሎ አይበልጥም። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ማታ ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት ጌም እነካካለሁ። ጌሙ ቢቀር አልሞትም፤ ቢኖር ግን ደስ ይለኛል። ሰውን የምታሳስተው ይህቺው «ቢኖር ደስ ይለኛል» ናት። ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ሲባል ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራ ክፍል) ይገዛና ቀሪውን ቀን ሙሉ ካርዱን መሸከም ይመጣል። እኔን ያጎበጠኝ ይኸው ነው።

ማክቡክ ኤርን አይቼዋለሁ። ከ2020ው ኤም1 ወዲህ ፋን የለውም፤ ኮሽ አይልም። ለኮድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላመነታሁ። ግን እኔ የምጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2 ነው፤ እሱ ደግሞ በ2023 ሲወጣ ማክን ትቶ ነው የወጣው። እዚያው አለቀ።

በመጨረሻ የገዛሁት ባለ 14 ኢንች፣ ራይዘን 7 7840ዩ የሚባል ፕሮሰሰር ያለው፣ 32 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሜሞሪ) የተገጠመለት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወረድ ብዬ ስለምነጫነጭበት። ደግሞም ይኸው ፕሮሰሰር በብዙ ፋብሪካዎች ላፕቶፕ ውስጥ ስላለ የምለው አብዛኛው ለነሱም ይሠራል።

ግራፊክሱ ሬዲዮን 780ኤም ይባላል፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚቀዳው። ይህን ሳያውቁ ብዙ ሰዎች ይሸወዳሉ። ራም የሚቀየርበት ላፕቶፕ ከሆነ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሰካ፤ በአንድ ራም ብቻ ከሆነ ግራፊክሱ መረጃ የሚያገኝበት ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። የኔ ራም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ቀን ሲወጣልኝ እጨምራለሁ ማለት አይቻልም። ያ ያናደደው ሰው ፍሬምወርክ 13 የሚባለውን ላፕቶፕ ይይ፤ የሱ ራይዘን 7040 ሞዴል ራሙ ተነቅሎ ይቀየራል።

32 ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ድሮ በ16 ጊጋ ሁለት ዳታቤዝ (ፖስትግሬስና ሬዲስ) ዶከር በሚባል ማስኬጃ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስል አንድሮይድ ኢሙሌተር፣ ኤዲተር፣ አርባ ታብ የተከፈተበት ብራውዘር። ማውሱ ይደርቃል። ኢሙሌተሩን ዘግቼ፣ ሠርቼ፣ መልሼ እከፍታለሁ። አሁን ያው ጓዝ እንዳለ ተከፍቶ 21 ጊጋ አካባቢ ነው የሚበላው።

ፍጥነቱስ? የመጀመሪያው ቢልድ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) በጣም ደስ ይላል። ዋናውን ፕሮጀክቴን ከዜሮ ኮምፓይል ሳደርገው 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ወዲያው ወዲያው ስደጋግመው አራተኛው 4 ደቂቃ ከ20 ሆነ። ስስ ሰውነት ሙቀት የሚያስወጣበት ቦታ ስለሌለው ማሽኑ ራሱ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፤ 30 ዋት ሲስብ የነበረው ወደ 20 ይወርዳል። ፋኑም ያኔ ያፏጫል። ጎን የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ እስኪያይ።

ጌም ላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚመጣው በጣት ነው። ካውንተር ስትራይክን በዝቅተኛ ሴቲንግ ሶኬት ላይ ሰክቼ ስጫወት በሰከንድ ከ70 እስከ 80 ፍሬም (ምስል) ይሰጠኛል። አልከፋም። ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከደብልዩ ቁልፍ በላይ ያለው ብረት ይግላል፤ ግራ እጄ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። ከሶኬት ስነቅለው 45 አካባቢ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የምሞተው እኔ ነኝ። ስታርዱ ቫሊን ግን ምሽቱን ሙሉ ተጫውቼ ፋኑ አልተነሳም። ትልልቆቹን አዳዲስ ጌሞች እርሷቸው። አንዱን ጥራቱን አውርጄ ሞክሬው ነበር፤ ጭጋግ ውስጥ የምሄድ ነው የመሰለኝ።

የምሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። የጌም መሸጫው ስቲም በ2018 ፕሮቶንን (የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ መሣሪያ) ካመጣ ወዲህ አብዛኛው የዊንዶውስ ጌም ዝም ብሎ ይነሳል። ቫሎራንት ግን አይነሳም፤ ማጭበርበር መከላከያው ሊኑክስን አይቀበልም። የሱ ሱሰኛ ከሆናችሁ ዊንዶውስ ይኑራችሁ።

አሁን ንጭንጬ። አንድ ማታ ባትሪው 80 ከመቶ ላይ እያለ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ቦርሳውን ሳነሳው ሞቅ ብሏል። ስከፍተው 11 ከመቶ። ሰው ፊት ሥራ ላሳይ ነበር የሄድኩት። የዛሬ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንደ ድሮው ጥርቅም አድርገው አይተኙም፤ እንደ ስልክ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ነው። አንድ ነገር ቀሰቀሰው ማለት ቦርሳ ውስጥ ሲሠራ ያድራል። ከዚያ ወዲህ ሃይበርኔት አደርገዋለሁ፤ ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ጨርሶ ይጠፋል። ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ያስጠብቃል፣ ያስጠብቅ።

ካርቶኑ ላይ ባትሪው 15 ሰዓት ይላል። ላም አለኝ በሰማይ። ኮድ ስጽፍ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ዶከር ሲበዛ አምስት። እሱን ግን አልተቀየምኩም፤ ቻርጀሩ ባለ 65 ዋት ዩኤስቢ-ሲ ሆኖ ስልኬንም ይሞላልኛል። ክብደቱ 240 ግራም። ላፕቶፑ ሲጨመር አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ የድሮው ከነጡቡ ከሦስት ኪሎ በላይ ነበር።

ስክሪኑን ሆን ብዬ ዝቅተኛውን ነው የመረጥኩት፣ 1920 በ1200። ከፍተኛው ፊደሉን ያሳምር ነበር፤ ግን ባትሪ ይበላል፣ ለዚህ ግራፊክስም ሸክም ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ ስለሆነ ብዙ የኮድ መስመር ይታየኛል።

ያልለመድኩት የቀስት ቁልፎቹን ነው። ጥፍር ያክላሉ፤ አጠገባቸው ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውንን ሸጉጠውባቸዋል። አንድ መስመር ወደ ላይ ልወጣ ስል አንድ ገጽ እዘላለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ዘልያለሁ።