ፋርማሲ ለመማር የት? ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ጅማና ባሕር ዳር ጎን ለጎን

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ በጎንደር ቤቶች ውስጥ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በከተማ ላይ ነው። አንዱ «አዲስ አበባ ይሂድ» ይላል፣ ሌላው «ከቤቱ አይራቅ»። ፋርማሲ ለሚፈልግ ልጅ ግን ክርክሩ መነሳት ያለበት ከሌላ ቦታ ነው። የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ፋርማኮሎጂው (መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚሠራው)፣ ፋርማስዩቲክሱ (የመድኃኒት አዘገጃጀቱ)፣ መድኃኒታዊ ኬሚስትሪው፣ የመድኃኒት አቅርቦት አስተዳደሩ የትም ቢኬድ በአብዛኛው ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በመግቢያውና በመውጫው ላይ ነው፤ ወደ ዲፓርትመንቱ ለመግባት ከማን ጋር እንደምትፎካከሩ፣ የመጨረሻውን ዓመት ደግሞ በየትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ላቦራቶሪ (ላብ) እና በየትኛው የመድኃኒት ስቶር እንደምታሳልፉ።

ቅጹ ላይ ፋርማሲ የለም

በምደባ ጊዜ የምትመርጡት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዲፓርትመንት አይደለም። ይህን ሳያውቁ የሚሞሉ ተማሪዎች አሁንም ብዙ ናቸው። ማትሪክ ከ600 ይያዛል፣ ማለፊያው 300 ነው። ከዚያ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ፍሬሽማን ትገባላችሁ፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የማትሪክ ውጤትና የፍሬሽማን ጂፒኤ ተዳምረው ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶ ስንት እንደሆነ ከዓመት ዓመትና ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ የሬጅስትራሩን የዘንድሮ ማስታወቂያ ማየት ይገባል፤ ያለፈው ዓመት ተማሪ የነገራችሁ ላይሠራ ይችላል።

ፉክክሩ እንዲህ ነው። ከፍተኛውን ውጤት የያዙት በአብዛኛው ሕክምናን ያስቀድማሉ። ፋርማሲ የሚሞላው ከእነሱ ቀጥሎ ባሉትና ሕክምና ባመለጣቸው ነው። ስለዚህ ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ420 የገባ ተማሪ ፋርማሲ ሊያጣ ይችላል፤ በዚያው ውጤት ሌላ ግቢ ቢገባ ኖሮ ግን ምርጫው በእጁ ይሆን ነበር። ፋርማሲ ብቻ የሚል ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫውን ሲያስብ «እዚያ ስገባ ከመቶው ተማሪ ስንተኛ እሆናለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ደረጃ ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት የመጀመሪያውን ሴሚስተር መናቅ ነው። ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂና ክሪቲካል ቲንኪንግ ለፋርማሲ አይጠቅሙም ብሎ በሲ የሚያልፍ ልጅ አለ። እነዚህ ኮርሶች ግን እንደ ሒሳብ ሁሉ ሙሉ ክሬዲት ያላቸው ናቸው፣ ጂፒኤውን የሚያወርዱትም በዚያው መጠን ነው።

ጎንደር

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተነሣው በ1947 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ማሰማራት የዚህ ኮሌጅ ልማድ ነበር፤ መንፈሱ እስከ ዛሬ በጤና ተማሪዎች የቡድን ሥልጠና ውስጥ አለ። የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ ያለው በሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ሆኖ ከስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ጋር በአንድ አካባቢ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ዋርድ (በሽተኛ የሚተኛበት ክፍል)፣ መማሪያ ክፍልና ላይብረሪ በእግር የሚደረስባቸው ሲሆኑ ተማሪው ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ወጥቶ (በሽተኞችን ዞሮ አይቶ) ከሰዓት ያየውን በሽተኛ መድኃኒት ቁጭ ብሎ ያነባል።

ጎንደርን ከሌሎቹ የሚለየው የሚመጣበት በሽተኛ ነው። ከመተማና ከሑመራ ቆላ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው በካላ አዛር ተይዘው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች እዚህ ይታከማሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ለዚሁ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። መደበኛው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ ከፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ጋር፣ ለ17 ቀን በመርፌ ነው። 48 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ቢመጣ የስቲቦግሉኮኔቱ የቀን መጠን 960 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ መድኃኒቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ የሚቀዳው 9.6 ሚሊ ሊትር ነው። መድኃኒቱ የልብ ምትን ሊያዛባና ቆሽትን ሊያስቆጣ ስለሚችል የተማሪው ሥራ በስሌቱ አያበቃም፤ የልብ ምርመራውንና የላቦራቶሪ ውጤቱን መከታተልም አለ። ኤችአይቪ ላለበት በሽተኛ ደግሞ አምቢዞም ከሚልቴፎሲን ጋር ይሰጣል። አምቢዞም የሚበጠበጠው በንጹሕ የመርፌ ውኃ ሲሆን የሚቀጠነው በ5 በመቶ ዴክስትሮዝ ነው። አንድ ሰው እጁ የለመደውን ኖርማል ሳላይን ቢጨምርበት መድኃኒቱ ይረጋል፣ ውድ የሆነው ጠርሙስ ይጣላል። እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ የሚያነብ ተማሪና በዓይኑ ያየ ተማሪ አንድ አይደሉም።

የመድኃኒት አቅርቦት የሚወድ ተማሪም ጎንደር ይጠቅመዋል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በከተማዋ ቅርንጫፍ አለው። የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ አሞላሉ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡት የሚያዙበት መንገድ፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ የሚወጣበት አሠራር እንዲህ ባለ ቦታ በተግባር ይታያል።

ጎንደር የሚጎድለው ፋብሪካ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካዎቹ በብዛት ያሉት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስለሆነ የኢንዱስትሪ ልምምድ የሚፈልግ ተማሪ መጓዝ ግድ ይሆንበታል፤ ጉዞው ካልተመቸም ልምምዱ ይቀጥናል። የከተማዋ ውኃ እጥረትም ዶርም ውስጥ የሚኖር ሰው በቀን በቀን የሚያየው ነው። የጎንደር ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ ሊማር ይችላል፣ ወጪውም ይቀልለታል። ሆኖም ፍሬሽማን ከጤና ሳይንሱ ግቢ ውጭ ሊደረግ እንደሚችል አስቡበት። ከአዘዞ የሚመላለስ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ዶርም ቢይዝ እንመክራለን፤ ለዲፓርትመንት የሚታየው ጂፒኤ ከዚያ ሴሚስተር ስለሚጀምር በታክሲ ወረፋ የሚያልፈው ሰዓት ዋጋው ከባድ ነው።

አዲስ አበባ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ ትምህርቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ዩኒቨርሲቲው አሁን ራስ ገዝ ስለሆነ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። ለዚህ ፈተና ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ማትሪክ ብቻ ጠብቆ የተቀመጠ ተማሪ ቀኑ ያልፍበታል። በመንግሥት ወጪና በራስ ከፍሎ መማርም የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ በየትኛው እንደምትያዙ ሳታረጋግጡ ሻንጣ አትሸክፉ።

አዲስ አበባን የሚያስመርጠው ከሆስፒታል ውጭ ያለው ዓለም ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የመድኃኒት አቅራቢው ዋና መሥሪያ ቤት፣ አስመጪዎቹና ፋብሪካዎቹ በአንድ ቀን የሚደረስባቸው ናቸው። በምርት፣ በጥራት ቁጥጥር፣ በመድኃኒት ምዝገባ መሥራት የሚፈልግ ሰው ወደ እዚያ ቢሄድ ተገቢ ነው። በሕክምናው በኩል ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ሆስፒታል የነበረ ነው፤ ስለዚህ የካንሰር መድኃኒት የሚስበው ተማሪ ብዙ የሚያየው ነገር አለ።

ችግሩ ኑሮው ነው። ከጎንደር በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለም በበዓል ቤት መጥቶ መመለስ በአውሮፕላን ካልሆነ እርግጠኛ አይደለም። ልጁን ዘመድ ቤት ለማስጠጋት የሚያስብ ቤተሰብ የዘመድ ቤቱ ከግቢው ስንት ታክሲ እንደሚያስለውጥ ቀድሞ ይቁጠር።

ላቡን እንዴት ታዩታላችሁ?

ስለ ላብ ሲወራ ሁሉም ግቢ «አለን» ይላል። መጠየቅ ያለበት የሚሠራ መሣሪያና ኬሚካል መኖሩ ነው። አንድ ታብሌት ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የጥንካሬ መለኪያ፣ በደቂቃ 25 ዙር ለ4 ደቂቃ የሚሽከረከር የመፈርፈር መለኪያ፣ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ስድስት ቱቦ ይዞ ከፍ ዝቅ የሚል የመፈራረስ መለኪያ፣ ከዚያ የመሟሟት መለኪያ። በመፈርፈር ክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ የቀነሰ ታብሌት ይወድቃል፤ ያልተለበጠ ታብሌትም በ15 ደቂቃ ውስጥ መፈራረስ አለበት። እነዚህን የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ጠይቁ፦ ራስህ አዙረህ ታውቃለህ? ወይስ አንዱ ሲያዞር 40 ሆናችሁ ቆማችሁ አያችሁ? መብራት ሲቋረጥ፣ ሪኤጀንት ሲያልቅ ልምምዱ ወደ ሰሌዳ ላይ ማብራሪያ ይለወጣል፤ ይህ በየትኛውም ግቢ የሚያጋጥም ስለሆነ የዘንድሮውን ሁኔታ ከተማሪው አፍ መስማት ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል።

ጅማ

ጅማ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርቱ ነው፤ ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወደ ቀበሌ ወጥቶ የቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባል፣ ያየውን ችግር ይዞ መፍትሔ ያቅዳል። ሁለተኛው በመድኃኒት ጥራት ምርመራ ላይ የሚሠራ ላቦራቶሪው ነው። በክሊኒካል ፋርማሲም (ፋርማሲስቱ በሆስፒታል ከሐኪሙ ጋር የበሽተኛውን መድኃኒት የሚከታተልበት ዘርፍ) ከአገሪቱ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በትምህርቱ ብቻ ቢሆን ከጎንደር ጋር ትከሻ ለትከሻ እናስቀምጠው ነበር።

ከጎንደር ለሚሄድ ልጅ ግን ርቀቱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በዋርድም ብዙው በሽተኛ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። «መድኃኒቱን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በትክክል መረዳት የክሊኒካል ፋርማሲ ግማሽ ሥራ ስለሆነ፣ ጅማን የመረጠ ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ቋንቋውን ይማር። ተምሮ ከወጣ ደግሞ በኋላ የሥራ በሩ ይሰፋለታል።

ባሕር ዳር

ለጎንደር ልጅ የምንመክረው ሁለተኛ ምርጫ ባሕር ዳር ነው። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በግማሽ ቀን ይደረሳል። ፋርማሲው ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ይልቅ ወጣት ነው። ተማሪዎች የሚለማመዱባቸው ትላልቅ ሆስፒታሎች ሁለት ናቸው፤ ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወት። ሁለት ሆስፒታል ሲኖር አንዱ ዋርድ ላይ የሚሰበሰበው ተማሪ ይቀንሳል፣ በዚያው ልክ ደግሞ መመላለሱ ይበዛል። የሚጠየቀው ነገር የፕሪሴፕተር፣ ማለትም በሆስፒታል ተማሪውን የሚያሠለጥነው ባለሙያ፣ ቁጥር ነው፦ በአንድ ዋርድ ላይ አንድ ክሊኒካል ፋርማሲስት ስንት ተማሪ ይይዛል?

ይህን ጥያቄ ለአራቱም ግቢ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ክላርክሺፕ (በመጨረሻው ዓመት በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድ) ማለት ይህ ነው። የ60 ዓመት፣ 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት ክሬያቲኒናቸው (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) 2 ሆኖ ቫንኮማይሲን የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ታዝዞላቸዋል እንበል። ተማሪው 140 ላይ 60 ቀንሶ በ50 ያባዛል፣ በ72 ጊዜ 2 ያካፍላል፣ ሴት ስለሆኑ በ0.85 ያባዛል፤ ኩላሊታቸው የሚያጣራው ወደ 24 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይመጣል። ኩላሊታቸው ይህን ያህል ከሆነ የታዘዘው ይበዛባቸዋል። ስሌቱን ማንም ይሠራዋል። ካርዱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ቀርቦ ማስረዳትን የሚያስተምረው ግን አጠገቡ የሚቆም ፕሪሴፕተር ነው፤ አንድ ፕሪሴፕተር 20 ተማሪ ከያዘ ያ አይሆንም።

ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦርና ደብረ ብርሃን ያሉት ዩኒቨርሲቲዎችም ፋርማሲ ያስተምራሉ። ውጤታቸው መካከለኛ ሆኖ ፋርማሲን የሙጥኝ ላሉ ተማሪዎች እነዚህ ጥሩ መንገድ ናቸው፤ የሙያ ፈቃዱ አንድ ነው።

የግል ኮሌጅና ደረጃ 4

ማትሪክ ካልመጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ግል ኮሌጅ ይዞራል። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ለፋርማሲ ዲግሪ፣ በዚያው ካምፓስ፣ ጊዜው ያላለፈ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ኮሌጁ ለነርሲንግ ያለው ፈቃድ ለፋርማሲ አይሠራም፣ በሌላ ከተማ ያለው ካምፓስ ፈቃድም እንዲሁ። ደረጃ 4 የፋርማሲ ባለሙያ መሆን ሌላ መንገድ ነው፤ ቶሎ ሥራ ያስገባል፣ የመድኃኒት መደብርም ያሠራል፤ ፋርማሲ በኃላፊነት ለመምራት ግን ዲግሪ ይጠይቃል። ወደፊት በራሱ ስም ፋርማሲ ለመክፈት የሚያስብ ልጅ ይህን ልዩነት ከወዲሁ ይወቅ።

ከምረቃ በኋላ ያለው

የትም ተማሩ የት፣ በሙያው ለመሥራት የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች ሲኦሲ የሚሉት ነው። ስለዚህ ግቢዎችን ስታወዳድሩ «ያለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችሁ ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ካፌ (በግቢው የምትመገቡ) ወይም ኖን ካፌ (በራሳችሁ የምትመገቡ) መሆናችሁ በውሉ ላይ በትክክል መስፈሩን እዩ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። ከምረቃ በኋላ ኦርጂናል ዲግሪ ለማውጣት ስትሄዱ የሚነሣው ሒሳብ ከዚያ ወረቀት ነው።

ምርጫችሁን ስትሞሉ የጤና ችግር ያለበት ተማሪ ሕክምናው ወዳለበት አካባቢ ለመመደብ የሕክምና ማስረጃውን ማቅረብ ያለበት በማስታወቂያው በተገለጸው ቀን ውስጥ ነው፤ ምደባ ከወጣ በኋላ ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነው። ለምዝገባ ስትሄዱ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ ኦርጂናሉንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ለዶርም አንሶላና ብርድ ልብስ ያዙ። የጎንደር ብርድ በሌሊት ያይላልና ከቆላ የምትመጡ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨምሩ።