በቂሳርያ ሽማግሌዎቻችንን ላዳመጠች አስጎብኚ ምስጋና

እስራኤል ውስጥ ሃዴራ ከተማ ያለውን የአረጋውያን ክበባችንን ቂሳርያ ወስዳ ያስጎበኘችንን በጎ ፈቃደኛ በሰው ፊት ላመሰግናት እፈልጋለሁ። በአማርኛ ታስረዳለች። ክፍያ አትቀበልም።

ቂሳርያ ሄሮድስ ከ2000 ዓመት በፊት ለአውግስጦስ ቄሣር ክብር ያሠራት የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከልም ያለው በጥንቶቹ ባለ ቅስት ክፍሎች ውስጥ ነው። የወደቡን አሠራር ስትነግረን ሁሉም በአድናቆት ነው ያዳመጠው። የሄሮድስ ግንበኞች የእሳተ ገሞራ አመድ ከጣልያን በመርከብ ያስመጣሉ። ከኖራና ከድንጋይ ጋር ደባልቀው በትልልቅ የእንጨት ሣጥን ባሕሩ ውስጥ ይከቱታል። እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይጠነክራል!

ጉብኝቱ ሲያልቅ ደብተር አውጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን «እንዴት ነበር?» ካላችኋቸው መልሱ ያው ነው፦ «ጥሩ ነው፣ ተመስገን፣ እግዜር ይስጥልን።» ይሉኝታ ሌላ አያስወራም። እሷ ግን ታውቃቸዋለች። «አባባ፣ የቱ ጋ ደከመዎት?» «እማማ፣ ያልሰሙኝ የቱ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። ያኔ አፋቸው ተፈታ። አንድ አባት ባሕሩ ዳር ማዕበሉ ድምጿን እንደዋጠባቸው ነገሯት። እንስራ ተሸክመው ያደጉ አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ ባሕሩስ ጨው ነው፤ ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣውን ከየት ይቀዳ ነበር?» አሉ። ሁሉንም ጻፈችው።

ሌላ ጊዜ ስንሄድ ጉብኝቱ ተለውጦ ጠበቀን። የወደቡን ታሪክ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጨረስን፤ ባሕሩ ዳር ስንደርስ ማየት ብቻ ሆነ። ረጅሙን የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ፀሐይ ሳይበረታ አለፍነው። በመጨረሻም በአውቶቡሳችን ወደ ውሃው ቦይ ወሰደችን። ውሃው ከቀርሜሎስ ተራራ ደቡብ፣ ከሹኒ ምንጮች፣ በቅስት ላይ ተሻግሮ ወደ ከተማዋ ይገባ ነበር። እኚያ እናትም መጥተው ነበር። ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ቅስቶቹን እስከ መጨረሻው በዓይናቸው ተከተሉ። «ይሄን ለኔ ብለሽ ነው?» ሲሏት «አዎ እማማ፣ እርስዎ ስለጠየቁ ነው» አለቻቸው።

አስተያየት የሚሰበስብ ብዙ ነው። የተባለውን ይዞ ሥራውን የሚያስተካክል ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ቂሳርያ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በበጋ ከሆነ ጠዋቱን ያዙ። ጉልበት የሚያማቸው ካሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ መንገዱን እንደነሱ አድርጋ ታሳጥረዋለች።

እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።