ባክቴሪያው ምን በልቶ ሠራው? የፒኤችኤ ማተሚያ ክር ግምገማ

ባለፈው መጋቢት ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ውስጥ ካለ አንድ የስሪዲ ማተሚያ ዕቃ መሸጫ 750 ግራም የፒኤችኤ ክር፣ ማለትም ማተሚያው እያቀለጠ ዕቃ የሚሠራበት፣ ባክቴሪያ ያመረተው የፕላስቲክ ክር ገዛሁ። ዋጋው ፒኤልኤ ከተባለው የተለመደ ፕላስቲክ የሚሠራው ክር እጥፍ ያህል ነው። ለመግዛት ያነሣሣኝ በጥቅልሉ ላይ የሰፈረው «በረቂቅ ተሕዋስያን የተሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ» የሚለው ጽሑፍ ሲሆን፣ ከአምስት ወር በኋላ መበስበሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ቅሬታዬ መለያው ሳይናገር ባለፈው ነገር ላይ ነው፤ ባክቴሪያው ምን ተመግቦ እንደሠራው አይልም።

አስቀድሜ ስለ ኅትመቱ ልናገር። በፒኤልኤ ልማድ የማተሚያውን ገበታ 60 ዲግሪ አሙቄው ስለነበር የመጀመሪያው የችግኝ ማሰሮ እንደ ለጋ ቅቤ ተልፈስፍሶ ቀረ፤ ፒኤችኤ ቀስ ብሎ የሚጠጥር በመሆኑ ገበታው ቀዝቃዛ፣ ማራገቢያውም በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ መሆን ነበረበት። ይህን ካስተካከልኩ በኋላም ሰፋ ያለ መቀመጫ ያላቸው ዕቃዎች ጥጋቸው እየተቆለመመ ከገበታው ተላቀቀብኝ፤ ከመዳፍ የሚበልጥ ነገር ለማተም ያሰበ ሰው ሌላ ክር ቢገዛ ይሻለዋል። ትናንሾቹ ማሰሮዎች ግን ንጹሕ ሆነው ወጥተዋል፤ ሲዳሰሱም የሻማ ሰም ዓይነት ልስላሴ አላቸው።

በአንዱ ማሰሮ በሶብላ ዘርቼ፣ ሲበቅል ከነማሰሮው በረንዳዬ ላይ ባለው የአትክልት ሣጥን ውስጥ ቀበርኩት፤ ለማነጻጸሪያም አንድ የፒኤልኤ ማሰሮ አጠገቡ አኖርኩ። በነሐሴ ቆፍሬ ሳወጣቸው የፒኤልኤው ታጥቦ መልሶ የሚያገለግል ሲሆን፣ የፒኤችኤው ግድግዳ ሻክሮ፣ በሳሳበት በኩል ብል እንደበላው ጋቢ ተበሳስቶ፣ የበሶብላው ሥር በቀዳዳዎቹ አልፎ ወጥቷል። ፒኤልኤ በወጉ እንዲፈርስ 60 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ የብስባሽ ማምረቻ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፒኤችኤን ግን የአፈር ባክቴሪያዎች ምግባቸው አድርገው ይበሉታል። ነገሩም የባክቴሪያ ስንቅ ነው፤ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሞሪስ ለሟኝ እ.ኤ.አ. በ1926 የለየው የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነው ፒኤችቢ፣ ባክቴሪያ ምግብ ሲተርፈው በሰውነቱ ውስጥ እንደ ጮማ የሚያከማቸው ነው።

ስንቅ ከሆነ ደግሞ ከምን እንደተሰነቀ መጠየቅ ተገቢ ስለሆነ ለሻጩ ጻፍኩለት፤ መልሱ «ከአትክልት ዘይት» የሚል ሆነ። ለምግብ የሚሆን ዘይት ለፕላስቲክ ማዋል ቅር ያሰኘኛል፤ በዚያ ላይ እኔው በምኖርበት አገር ይኸው ነገር ከፍሳሽ ዝቃጭ እንደሚገኝ ታይቷል። በዜላንድ ክፍለ ሀገር ባት በተባለ ስፍራ ያለው የብራባንትሰ ዴልታ የውሃ ቦርድ ማጣሪያ ጣቢያ የፍሳሹን ውሃ የሚያጠራው ዝቃጭ እንደ ኮምጣጤ ባሉ አሲዶች ሲቀለብ፣ ከባክቴሪያው ደረቅ አካል 40 በመቶ ገደማ ፒኤችኤ ሆኖ ተገኝቷል። የዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ጥጋብና ረሃብ እያፈራረቁባቸው፣ በጥጋቡ ሰዓት ፈጥኖ የሚሰንቀው ብቻ እንዲተርፍ በማድረግ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ስምንት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ ክምችት አሳይተዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ለማልማት መሣሪያውን ሁሉ በእንፋሎት ማምከን ሳያስፈልግ ነው። ኔዘርላንድስ አብዛኛውን ዝቃጯን ገንዘብ ከፍላ የምታቃጥል አገር መሆኗን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም።

ለሻጩ ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዝቃጩ መንገድ ርካሽ አይደለም። ፕላስቲኩ በሴሉ ውስጥ ያለ በመሆኑ ዝቃጩን ማድረቅ፣ ከዚያም በማሟሟያ ኬሚካል ማውጣት የግድ ነው፤ ፒኤችቢ የሚቀልጠው በ175 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መበላሸት ስለሚጀምር፣ በደንብ ሳይጠራ የቀረ ቆሻሻ በማተሚያው ውስጥ ጉዳት ያመጣል። የፍሳሽ ስም ገዢን ያሸሻል የሚል ሥጋትም ይኖር ይሆናል። እኔን ግን የሚያሸሸኝ ዝምታው ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ለችግኝ ማሰሮና ለሐረግ ማሰሪያ ቅንጥብ ይሆናል፤ ለሚቆይ ዕቃ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም በመጋቢት ያተምኩት የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ አፈር ሳይነካው፣ በነሐሴ ወር በጣቶቼ መካከል ቀጭ ብሎ ተሰብሯል።