በበልሆ ታጁራ ወረድኩ
የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የጋላፊን መንገድ ስለለመድኩ፣ በድንበር ከተማዋ በበልሆ በኩል የጅቡቲ የወደብ ከተማ ወደሆነችው ታጁራ ውረድ ስባል ቅር ብሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። አስፋልቱ አሪፍ ነው፤ መሪው እጄ ላይ አልተንቀጠቀጠም። የታጁራ ወደብ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ብዙ የተወራው ስለ ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚውል ማዕድን) ነበር። እኔን ግን ደስ ያለኝ የከተማዋ ሰው ነው። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ ጠብሰው ከትኩስ ቂጣ ጋር አቀረቡልኝ። የምግብ ቤቷ እናት "መኪና ሲመጣ ልጆቼ እዚሁ ይሠራሉ" አለችኝ።

የመንገዱ ጉድለት ጥላ ማጣቱ ነው። ጎማ ፈንድቶብኝ በጠራራ ፀሐይ ስቀይር ክሪኩ መዳፌን ላጠው። ማረፊያና የውሃ ቦታ የግድ ያስፈልገዋል። እስከዚያ ሁለት ጀሪካን ውሃ ያዙ። ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን አታግሉ።