ፖሊስ ከሄደ በኋላ ስለመጡት ሦስት ሰዎች

አጎቴ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ስልክ አላነሳ ሲል ሄደን አንኳኳን፤ በሩን የከፈተው ፖሊስ ነው። ከሞተ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ዝርዝሩን ልተወው። ማመስገን የምፈልገው ከዚያ በኋላ ቤቱን ሊያጸዱ የመጡትን ሰዎች ነው።

ሰው ብቻውን ሞቶ ሲገኝ በምን እንደሞተ እስኪጣራ ድረስ ፖሊስ ቤቱን ይዘጋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ አሻራ ይፈልጋል። እኔ የዋሁ ሲጨርሱ ቤቱን አጽድተው የሚያስረክቡን መስሎኝ ነበር። ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ። ጽዳቱ የቤተሰብ ጣጣ ነው ለካ!

መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩ። የበሩ መቃን ላይ ጥቁር ዱቄት ተነስንሷል፤ አሻራ የሚያነሱበት ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ወለወልኩት። ወዲያው ቀለም ሆነ። ነጩ መቃን ግራጫ፣ እጄ ከሰል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለአጎቴ ያልወጣልኝ እንባ ለዱቄት ወጣ።

ሰው የሞተበትን ቤት ያጸዳሉ ተብለው በሰው በሰው ያገኘኋቸው ሴት ጋ ስደውል መጀመሪያ የጠየቁኝ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ አይደለም። «ፖሊስ ጨርሻለሁ ብሏል? በጽሑፍ ነው በቃል?» አሉኝ። ምርመራው ሳያልቅ አንድ ጨርቅ ቢነሳ ማስረጃ ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ከሳቸው በፊት የደወልኩለት ሰውዬ ግን ምንም ሳይጠይቅ «ዛሬውኑ አጥቤልሽ እሄዳለሁ» ነበር ያለው። በርካሽ ነው ደግሞ። እንኳንም እሺ አላልኩት።

ሁለት ወጣቶች አስከትለው መጡ። (የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት አርፍደዋል፣ አልደወሉምም። ይሄንን ነግሬያቸዋለሁ።) ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው፣ ጓንት ደርበው፣ ምንም ሳይነኩ ሁሉንም ፎቶ አነሱ። ኢንሹራንስ ካለ ይጠቅማል ብለው ነው። ዱቄቱን ደቃቅ ብናኝ በማያሳልፍ ቫኪዩም በደረቁ መጠጡት፤ ሳሙናና ውሃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምንጣፉ ላይ ያለው እድፍ የሳህን ያህል ነበር። ገልጠው ሲያሳዩኝ ከስር ያለው ስፖንጅ ላይ ትሪ አክሏል። ቆርጠው አወጡት፤ ከስሩ ሁለት ጣውላም አብሮ ተነሳ። ሽታው የሚደበቀው እዚያ ነው፣ ሽቶም ሆነ አዲስ ቀለም ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ደም የነካውን ሁሉ ለብቻው አሽገው ወሰዱ እንጂ ከቤት ቆሻሻ ጋር አልቀላቀሉትም።

እኔ የገዛሁትን በረኪና አይተው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እድፍ ላይ ካፈሰስሽው ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ተደርጎ ደቂቃው እስኪሞላ ይጠበቃል።» ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳልደባልቀውም አስጠነቀቁኝ፤ ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ የሄፐታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት እንደሚችልም ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔ እኮ በባዶ እጄ ነበር የገባሁት!

በሁለተኛው ቀን ማታ በንጹህ ላስቲክ አንድ ነገር ይዘውልኝ ወጡ። የአጎቴ መነጽር። አንዱ ክንዱ በሽቦ የታሰረ፣ እሱ ራሱ ያሰረው። ሶፋ ስር ነው የተገኘው። «አጽድተነዋል። ትወስጂዋለሽ ወይስ ይቆይልሽ?» አሉኝ። «እንጣለው?» አላሉም። ወረቀቱንም፣ ፎቶውንም፣ እያንዳንዱን እንዲህ እየጠየቁ ነው የጨረሱት።

ከሳምንት በኋላ ቁም ሣጥኑ አካባቢ ሽታ ተመልሶ መጣ። ደወልኩ፣ መጡ፣ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም።

ሌላ ሰው የምታነጋግሩ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የፖሊስን ፈቃድ ያያሉ ወይ? የተነካካውን ዕቃ የት ነው የሚያስወግዱት? የሚያድበሰብስ ከሆነ ስልኩን ዝጉት። የእኚህን ሴት ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ማታም ቢሆን ያነሳሉ።